ውሃ እምቢ ያለው ሸማ

ከሸማኔ እጅ ገና በወረደ ሸማ ላይ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል እንጂ ቶሎ አይሰርግም። ጥሬ ጥጥ የራሱ ሰም አለው፤ የውሃ ሞለኪዩሎች ደግሞ እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ሰም ወዳለበት ክር ከመግባት ወደ ራሳቸው መሰብሰብን ይመርጣሉ። የንጹህ ውሃ የገጽ ውጥረት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ነው።

ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ያሉ እናቶች ለዚህ መላ ያገኙት ከእንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋው ይነሣል። ሰው ሁሉ የሚያየው አረፋውን ነው፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ጨርቁ የሚርስበት ቅጽበት ነው። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አንዱ ወገኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ውሃ ሸሽቶ ቅባት ይፈልጋል። በውሃው ገጽና በክሩ ላይ ሲሰለፍ ውጥረቱ ይላላል፤ ጠብታው ይዘረጋል፤ በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ወጥቶ ውሃው ይገባል። ካልራሰ ጨርቅ እድፍ አይለቅም።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ይህንኑ ይፈልጋል። ጥጡ ከመንጣቱና ቀለም ከመግባቱ በፊት ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውሃ ሲቀቀል እንደ ሳፖኒኑ ውጥረቱን የሚያላላ ማርጠቢያ ይጨመርበታል፤ ያለዚያ ቀለሙ አንዱ ጋ ደምቆ ሌላው ጋ ይደበዝዛል። ጨርቁ በማሽኑ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚያልፍ መራስ ያለበትም ፈጥኖ ነው። አረፋ እዚያ እንቅፋት ነው፤ ስለዚህ ብዙም የማያረፋ ማርጠቢያ ይመረጣል። ማብዛትም አይጠቅም፤ ገጹ አንዴ ከሞላ ትርፉ ሞለኪዩል ውሃው ውስጥ እርስ በርሱ ይጠቀለላል። በሰማም የሽንኩርት ቅጠል ላይ መድኃኒት ሲረጭ ጠብታው ተንከባልሎ እንዳይወድቅ የሚያደርገውም ይኸው የማርጠቢያ ሥራ ነው።

የእንዶድ ሥራ በማጠብ ብቻ አያበቃም። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ናቸው። በእንዶድ ላይ የሠሩት ምርምር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። ቅባት የሚፈልገው ሳፖኒን የሕዋስን ቅባታም ሽፋንም ያናጋል፤ ዓሣንም አይምርም። በእንዶድ ልብስ የታጠበበትን ውሃ ከወንዝ ርቀው ይድፉት።