የአያት ስም የዘር ስም አይደለም

በየቀኑ የልደት ቅጽ ለምንሞላ መዝጋቢዎች ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ማለት ምንም የማያከራክር ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ባሕር ማዶ የገባ ሰው ግን ሦስተኛው ስሙ እንደ ዘር ስም ይያዝበታል፤ ልጆቹም ይወርሱታል። ውሎ አድሮ የልጅ ልጆቹ፣ ብርቅ የቤተሰብ ስም ያለው እንግሊዝ የሚጠይቀውን ይጠይቃሉ፦ ይህ ስም ከየት መጣ? እንግሊዙ መልስ አያጣም። ሻክልተን የተባለ ሰው ስሙን ተከትሎ ዮርክሽር ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ መንደር ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ አጥቢያዎች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ ታዘው ስለነበርም ሐረጉን በጽሑፍ ሊከተል ይችላል። የጎጃሙ ሰው ስም ግን ከአንድ አያት አያልፍም። ምትኩ ወይም ማስረሻ የሚል ስም፣ ያ አያት ሳይወለድ በፊት ቤቱ ልጅ ሞቶበት እንደነበር ይጠቁም ይሆናል እንጂ ዘሩ ከየት እንደ መጣ አይናገርም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «መዝጋቢ መንግሥት ስላልነበረ ነው» የሚል ነው። አይመስለኝም። የጎጃም ባላገር መዝገብ ባይኖረውም ሐረጉን እስከ ዋና አባቱ ድረስ በቃሉ ይቆጥር ነበር፤ ካልቆጠረ መሬት የለማ! አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ደጋ ዳሞትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር። አንዱ ገበሬ በአባቱ እናት በኩል በአንድ አጥቢያ፣ በእናቱ አባት በኩል በሌላው ድርሻ አለኝ ሊል ይችል ነበር። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ ስም ለእንዲህ ያለው ሰው የመብቱን ግማሽ የሚሸፍን ነበር። በቤተ መንግሥቱም ቢሆን ስም አይጸናም ነበር። የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ አዳል በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ከተማቸው መንቆረርም ደብረ ማርቆስ ሆነች። ልጃቸው ሥዩምም ኋላ ኃይሉ ተባሉ። «ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት» በሚለው ስም ውስጥ አባትም ልጅም የልደት ስማቸው የለም፤ ትውልዳቸውን የሚስት ጎጃሜ ግን አልነበረም።

«ሕጉስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም ሰጥቶታል፤ ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ጆንሰንም «የጆን ልጅ» ከማለት ተነሥቶ የቆመ ስም ነው፤ የእኛስ ቢቆም ምን ይጎዳል? መቆሙ አይጎዳም። የእንግሊዞቹ ስም ግን የጸናው በብዙ ትውልድ ነው፤ የእኛው በአንድ ቀን፣ በአንድ የኤምባሲ መስኮት፣ በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ሆኖ በተገኘው ስም ላይ ይቆማል። አባትና አገር ቤት የተመዘገበ ልጁም የተለያየ «የዘር ስም» ይዘው ይገኛሉ፤ ዝምድናቸውንም በማስረጃ እንዲያረጋግጡ ይጠየቃሉ።

በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ከቀረ ወዲህ ሐረግ መቁጠር ጥቅም አጥቶ ቆጣሪውም ተመናምኗል። ስለዚህ ቅጹ ላይ የእናት ስም ከነአባቷ፣ የትውልድ ቦታም ከነአጥቢያው ተሟልቶ እንዲጻፍ መትጋት የእኛ የመዝጋቢዎች ፈንታ ነው። ዞንና ወረዳ ብቻ ጽፎ ማለፍ ነገ ዘመዱን ለሚፈልግ ሰው አይበቃውም።