ጃጓር ማርክ 2 እና የመጀመሪያው ቢኤምደብሊው ኤም5፦ ተመሳሳይ አሠራር፣ የተለያየ ዘመን

ሁለቱም ባለ አራት በር ናቸው፤ ሁለቱም በመደዳ የተሰለፈ ስድስት ሲሊንደርና ከላይ ሁለት ካምሻፍት አላቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

የእንግሊዙ ማርክ 2 በ1959 እ.ኤ.አ. ወጣ። ባለ 3.8 ሊትሩ ሞተር በሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ሲኖረው፣ ነዳጅ የሚያገኘው በሁለት ካርቡሬተር ነው። በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን መያዙ በዘመኑ ብርቅ ነበር። ድክመቱ ከኋላ ነው፦ ባሌስትራ ላይ ያረፈ ድፍን አክስል ስለሆነ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ሌላውም ይናወጣል።

የጀርመኑ ኤም5 በ1985 መጣ። ባለ 3.5 ሊትሩ ሞተር ከኤም1 ስፖርት መኪና የተወረሰ ነው፦ በሲሊንደር አራት ቫልቭ፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ስሮትል፣ በኮምፒውተር የሚመራ ኢንጀክሽን። የኋላ ጎማዎቹም ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

ልብ በሉ፦ የጃጓሩን 220 የፈረስ ጉልበት ከኤም5 286 ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ። የጃጓሩ የተለካው ሞተሩ ጉልበት የሚቀንሱ ተቀጽላዎች ሳይገጠሙለት ነው። እውነተኛው ልዩነት ከቁጥሩ ይሰፋል።

ለመግዛት ካሰባችሁ የጃጓሩን ዝገት ከሥር ፈትሹ፤ የኤም5ን የቫልቭ ክፍተት በየጊዜው አስተካክሉ።