ማልዲቭስን በተመጣጣኝ ወጪ ለመጎብኘት፦ ከክፍሉ ዋጋ በፊት የጀልባው ጉዞ ይታሰባል

ማልዲቭስ ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው በባሕር ላይ በምሰሶ የቆመ ጎጆ፣ ነጭ አሸዋና ተራ ሰው የማይደፍረው የሆቴል ሂሳብ ነው። ሪዞርቶቹ በርግጥ ውድ ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች በሚኖሩባቸው መንደሮች ውስጥ ከሪዞርቶቹ እጅግ ባነሰ ዋጋ ማደር ይቻላል። የወጪውን ልክ የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ተጓዡ የሚያርፍበት የደሴት ዓይነትና ወደ ደሴቱ የሚደርስበት መንገድ።

አገሪቱ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋች ስትሆን፣ ከ1 ሺህ 100 በላይ ከሚሆኑት ጥቃቅን ደሴቶቿ መካከል ሕዝብ የሚኖርባቸው 200 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቱሪዝም ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መርሕ አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት የሚል ነበር። ሰው የማይኖርበት ደሴት ለባለሀብት በሊዝ ይሰጣል፤ እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ሪዞርቱ ይወሰድና የነዋሪዎቹን መንደር ሳያይ ይመለሳል። የመንደሩ ሰው ከዚህ ገበያ የሚያገኘው በአብዛኛው የተቀጣሪነት ደመወዝ ብቻ ነበር።

ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2008 በተካሄደው የመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሞሐመድ ናሺድ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነው። ከ2009 ጀምሮ ነዋሪዎች በሚኖሩባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችን ከፍተው ማስተናገድ ተፈቀደላቸው። እነዚህ ቤቶች በአገራችን ፔንሲዮን ከሚባሉት ጋር ይቀራረባሉ፤ ብዙዎቹ ጥቂት ክፍሎች ያሏቸውና በቤተሰብ የሚተዳደሩ ናቸው። ዛሬ አነስተኛ ገንዘብ ይዞ ወደ ማልዲቭስ የሚሄድ ሰው የሚያርፈው በእነርሱ ዘንድ ነው።

ከነዚህ ደሴቶች በስፋት የምትታወቀው ማፉሺ ናት። ከዋና ከተማዋ ማሌ በስተደቡብ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ መድረስ ቀላል ነው፤ የማረፊያ ቤቶቿም ብዙ በመሆናቸው በውድድር ምክንያት ዋጋቸው ዝቅ ይላል። በአንጻሩ ሰው ይበዛባታል። ጸጥታ የሚሻ ሰው፣ በተለይም የግብርናን ሥራ የሚያውቅ ሰው፣ ቶዱን ቢመርጥ ሳይደሰት አይቀርም። በአሪ አቶል ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው ይህች ደሴት የገበሬዎች ደሴት ናት። መሬቷ ስስና አሸዋማ ሆኖ ሳለ አገሪቱ በሐብሐብ ምርት የምትታወቅበት ስፍራ ሆናለች፤ ፓፓያም በብዛት ይበቅልባታል። ገበሬዎቹ የሐብሐቡን አዘራር ከረመዳን ጾም ጋር ያስተካክላሉ፤ በዚያ ወር ፍራፍሬው በማሌ ገበያ በእጅጉ ይፈለጋልና። በቶዱ ከእርሻው ወደ ባሕሩ በእግር ወይም በብስክሌት በጥቂት ደቂቃ ይደረሳል፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ማረፊያ ቤቱንና እርሻውን ጎን ለጎን ይሠራል።

ብዙ ተጓዦች የሚሳሳቱት መጓጓዣው ላይ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው የክፍል ዋጋ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ደሴቱ ያለውን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አያካትትም። ራቅ ወዳሉ ሪዞርቶች የሚወስዱት በውሃ ላይ የሚያርፉ አነስተኛ አውሮፕላኖች ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ፤ የሚበሩትም በቀን ብርሃን ብቻ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በኋላ ማሌ የሚያርፍ መንገደኛ በእነዚህ አውሮፕላኖች ለመሄድ እስከ ነገ መጠበቅ ግድ ስለሚሆንበት፣ በዕቅዱ ያልነበረ የአንድ ሌሊት ክፍያ ይጨመርበታል። ሕዝብ ወደሚኖርባቸው ደሴቶች ግን ሁለት ርካሽ አማራጮች አሉ። የሕዝብ ጀልባው ከሁሉም ይረክሳል፤ ከማሌ ማፉሺ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ነገር ግን ዓርብ ዕለት አይሠራም፤ ወደ ሩቅ ደሴቶች ደግሞ በየቀኑ ላይኖር ይችላል። ፈጣኑ ጀልባ ዋጋው ከፍ ቢልም ጉዞውን ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሳጥረዋል። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የማረፊያ ቤቱን ባለቤት ስለ ጀልባው ቀንና ሰዓት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ዓርብ ጠዋት ማሌ የሚያደርስ ርካሽ ቲኬት መጨረሻ ላይ ርካሽ ሆኖ ላይገኝ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የግብር ጉዳይ ነው። በሆቴል ዋጋ ላይ በተለምዶ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል፤ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ የቱሪዝም ዕቃና አገልግሎት ግብር ይጣላል፤ ይህ ግብር ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ ሆኗል። ከዚህም ሌላ አረንጓዴ ግብር የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ። እርሱም በሪዞርት ለአንድ ሰው በሌሊት 12 ዶላር፣ በመንደር ደሴት ባሉ ከ50 የማይበልጡ ክፍሎች ባሏቸው ማረፊያ ቤቶች 6 ዶላር ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ ባልና ሚስት በሌሊት 50 ዶላር የተባለ ክፍል ቢይዙ፣ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 55፣ ከግብሩ ጋር 64 ከ35 ሳንቲም፣ ከሁለቱ ሰዎች አረንጓዴ ግብር ጋር 76 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይሆናል። ለአምስት ሌሊት 250 ዶላር የመሰለው ሂሳብ 381 ዶላር ከ75 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ማረፊያዎችን ማነጻጸር የሚቻለው የሁለቱም ዋጋ ግብሩን አካትቶ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ወቅቱም ዋጋውን ያንቀሳቅሰዋል። ደረቁና ተፈላጊው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ሲሆን፣ ክፍሎች በእጅጉ የሚወደዱት በአውሮፓውያን ገና ሰሞን ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ዝናብ ያመጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ጥሎ ያባራል፤ ባሕሩ ግን ስለሚናወጥ ጀልባዎች ሊዘገዩ ይችላሉ። ማንታ የተባሉትን ግዙፍና ጠፍጣፋ ዓሦች ማየት ለሚሻ ሰው ግን ተመራጩ ይኸው ርካሹ ወቅት ነው፤ በባ አቶል በሚገኘው ሃኒፋሩ ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚሰበሰቡት በክረምቱ ወራትና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነውና።

ማልዲቭስ የእስልምና አገር ናት፤ በመንደር ደሴት የሚያርፍ ሰው ደግሞ በነዋሪው ሕግ ይኖራል። በእነዚህ ደሴቶች የአልኮል መጠጥ ክልክል ነው። በመዋኛ ልብስ መሆን የሚፈቀደው ለእንግዶች በተለየው ዳርቻ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ይገባል። በረመዳን ቀን ቀን የመንደሩ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። መጠጥ፣ የአሳማ ሥጋና ለአምልኮ የሚውሉ ምስሎች ወደ አገሪቱ ማስገባት በጉምሩክ የተከለከለ ነው። ስለ ምግቡም አንድ ነገር መባል አለበት፤ አትክልትና ጥራጥሬ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ ውድ ነው፤ ርካሹ ቱና ዓሣ ነው። ከኮኮናትና ከሽንኩርት ጋር ተደባልቆ ከስስ ቂጣ ጋር የሚቀርበው ማስ ሁኒ የነዋሪው የዘወትር ቁርስ ነው። ዓሣ በሁሉም ማዕድ ስለማይጠፋ፣ ጾም ላይ ያለ ሰው ለማረፊያ ቤቱ አስቀድሞ ቢያሳውቅ ይበጃል።

ለኢትዮጵያውያን የመግቢያ ቪዛው እንደ ሌላው አገር ዜጋ ሁሉ ሲደርሱ በነጻ የሚሰጥና ለ30 ቀናት የሚያገለግል ነው። ለመግባት የመመለሻ ቲኬት፣ የተረጋገጠ ማረፊያና በቂ ገንዘብ ማሳየት ያስፈልጋል። ኢሙጋ የተባለው የመንገደኞች ማስታወቂያ ቅጽ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በበይነ መረብ ይሞላል፤ ቅጹ በነጻ ስለሆነ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ሁሉ የመንግሥት አይደለም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ የክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ በመሆኑ ጉዳዩ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም።

በገልፍ አገሮች ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጉዞው ይቀርባል፤ ከዱባይ ማሌ አራት ሰዓት ያህል በረራ ነው። እነርሱ አስቀድመው ማጣራት ያለባቸው ወደሚሠሩበት አገር የመመለሻ ፈቃዳቸውን ነው፤ ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራ ሰው የመውጫና የመመለሻ ቪዛ ሳይዝ መውጣት የለበትም። በእስራኤል ከሚኖሩ ዘመዶች ጋር በዚያ ለመገናኘት ያሰበ ቤተሰብም፣ ማልዲቭስ በኤፕሪል 2025 በወጣ ሕግ የእስራኤል ፓስፖርት ይዞ መግባትን መከልከሏን ማወቅ ይኖርበታል።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ተጓዥ ወጪውን በብር ሳይሆን በዶላር ቢያቅድ ይሻለዋል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ከወራት በፊት በብር የተያዘ በጀት በጉዞው ሰሞን ሊጎድል ይችላል። ዶላር በማረፊያ ቤቶችና በጀልባዎች ዘንድ ይሠራል፤ ለመንደር ሻይ ቤትና ለሕዝብ ጀልባ ግን ጥቂት ሩፊያ መያዝ ይጠቅማል። የመጨረሻዋን ሌሊት ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር በመኪና መንገድ በተገናኘችው ሁሉማሌ ማሳለፍ፣ ባሕሩ በተናወጠ ዕለት ጀልባ ቀርቶ አውሮፕላን ከማምለጥ ያድናል።