በጎርጎራ ስላለው የባሕር ዳር ማረፊያ

በባቲ የሰኞ ገበያ የቆላ ፀሐይ የመታው ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ጥላና ውኃ እንዲፈልግ እናውቃለን። ባለጠጋውም ዕረፍት የሚሻው በዚያው በጥላና በውኃ አጠገብ ነው። በአማራ አገር ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በጣና ባሕር ሰሜን ዳርቻ ያለው ጎርጎራ ነው።

በዚያ ስፍራ ዐፄ ሱስንዮስ በ1606 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ሥራውን የመራው እስፓኛዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ሲሆን፥ ሠራተኞቹን እያስተማረ በተጠረበ ድንጋይ ደርብ ያለው ቤት አቆመ። ደርብ አይቶ የማያውቅ ሁሉ «በቤት ላይ ቤት» እያለ ተደነቀ። ያ ቤተ መንግሥት ከጊዜ ብዛት ፈረሰ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ የታነጸው ታላቅ የእንግዳ ማረፊያ በዚያው በጎርጎራ ተከፈተ። ነገር ግን የዚህ ቤት ዋና ጌጡ ባሕሩ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እምቦጭ የሚባል አረም በሰሜኑ ዳርቻ ተነሥቶ ውኃውን እየሸፈነ፥ ዓሣ አጥማጁን ከመረቡ፥ ከብቱን ከመጠጡ ከለከለ። ስለዚህ ቤተ ሰቡን ይዞ ለዕረፍት ወደዚያ የሚወርድ መኰንን ባሕሩን ለልጆቹ ባሳየ ጊዜ፥ አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ የደከሙትን ገበሬዎችም ነገር ይንገራቸው። ባሕሩ ከጠፋ ሰገነቱ ምን ሊያሳይ ነው?