መድፍ በምን ይለኮስ ነበር?

የዋግን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ላይ ሳይቆም አያልፍም። ዋግሹም ጎበዜ፣ በንግሥና ስማቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ ምርጫ ተሸነፉ። በሠራዊት ብዛት የሚበልጡት እሳቸው ነበሩ። ካሳ ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የሰጧቸው 12 መድፎችና ጆን ኪርካም የተባለ አሠልጣኝ ነበራቸው። ስለ መድፎቹ ብዙ ተጽፏል፤ መድፈኛው በእጁ ስለሚይዛቸው ዕቃዎች ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

በአፉ የሚጎርስ መድፍ ብቻውን የብረት ግንድ ነው። መጀመሪያ የበግ ቆዳ የተጠቀለለበት እርጥብ ዘንግ ይገባበታል፤ ካለፈው ተኩስ የቀረውን ፍም ያጠፋል። ይህ ከተዘለለ አዲሱ ባሩድ በጎስጓሹ እጅ ላይ ይነዳል። ቀጥሎ ባሩዱና አረሩ በሌላ ዘንግ ይጎሰጎሳሉ። ከዚያ መድፈኛው በኋላ በኩል ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ሰዶ የባሩዱን ከረጢት ይወጋል፣ ከቀንድ ደቃቅ ባሩድ ያፈስባታል። የመጨረሻው መሣሪያ ጫፉ ላይ ገመድ የተጠመጠመበት ረጅም በትር ነው። ገመዱ ለባሩድ በሚውለው ጨው ተነክሮ የደረቀ ስለሆነ ሳይንበለበል ቀስ ብሎ ይጨሳል። በትሩ የረዘመው በምክንያት ነው፤ መድፉ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይዘላል፣ ከቀዳዳዋም እሳት ይወጣል።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ በትሩን በክር የሚሳብ ትንሽ ቱቦ ተካው። ክሩ ሲጎተት ውስጡ ያለው ሻካራ ሽቦ ተፋትጎ እሳት ይፈጥራል። ዝናብና ነፋስ ለሚበዛበት ቦታ ትልቅ ለውጥ ነበር።

መድፍ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ የዐፄ ቴዎድሮስ ዕጣ ትምህርት ይሰጣል። ጋፋት ላይ ሚስዮናውያን ባለሙያዎች ግዙፍ መድፎች አቅልጠው ሠሩላቸው፤ ከነዚህ አንዱ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል፣ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው የአሮጌ ውጊያ ግን ከግዙፍ መድፎቻቸው ሌላው ገና ሲተኮስ ፈነዳ፤ ባሩዱ ከልክ በላይ ስለገባበት ነው ይባላል። ማቅለጡ ተችሎ ነበር፤ የጎደለው የመድፈኛው ልምድ ነው ባይ ነኝ።

ዓድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋግሹም ጓንጉል ጦር ሲዋጋ ዘመኑ ተለውጦ ነበር፤ የምኒልክ ሆችኪስ መድፎች ከኋላ ይጎርሱ ነበር።

በሰቆጣም ሆነ በዝቋላ ከአያት የቀረ የባሩድ ቀንድ ወይም ያረጀ የመድፍ ዘንግ ያለው ሰው ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳየው።