አባት ያውቃል፣ ልጅ ይጽፋል
ስለ አስረጂ ድርሰት አጻጻፍ በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት

እርሳስና ደብተር ያላችሁ አቅርቡ። የሌላችሁም አትቸገሩ፤ ለጊዜው ጆሯችሁ ይበቃል።

ፊደል ለይታችኋል። ቃል አንብባችኋል። ስማችሁን መጻፍና ደብዳቤ ማንበብም ጀምራችኋል። ዛሬ አንድ እርምጃ ወደፊት እንሄዳለን። የምናውቀውን ነገር ለማያውቅ ሰው በጽሑፍ እንዴት እንደምናስረዳ እንማራለን። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አስረጂ ድርሰት ይባላል።

አስረጂ ድርሰት ተረት አይደለም። ሙግትም አይደለም። ተረት ያጫውታል፤ ሙግት ያሳምናል። አስረጂ ድርሰት ግን አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሆን ይናገራል። አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ «አሁን ገባኝ» ካለ ድርሰቱ ሥራውን ሠርቷል። «መልካም ነው፤ ግን ምን እንዳለኝ አላወቅሁም» ካለ ገና ነው።

ይህ ዓይነት ጽሑፍ ለጎልማሳ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ነበር። ኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ። በዚያን ጊዜ ፊደል ለለዩ ጎልማሶች ስለ ጤናና ስለ እርሻ የሚናገሩ ትንንሽ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር። እነዚያም አስረጂ ጽሑፎች ናቸው። እስካሁን አንባቢ ሆነን የምናውቀውን ዛሬ ጸሐፊ ሆነን እንሞክረዋለን።

ለምሳሌ እንዲሆነን ወደ ዶርዜ እንሂድ። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ያለ የጋሞ ደጋ ነው። እንሰትና ቀርከሃ ይበቅልበታል። የዶርዜ ሰው በሽመና የታወቀ ነው። ብዙዎች አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደው በዚሁ ሙያ ይተዳደራሉ። ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

በዚህ አገር የሚኖሩ አንድ ሸማኔ አባት፣ ጥጥ የሚፈትሉ እናትና አንዲት ልጅ አሉ እንበል። ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ቤቷ የምትናገረው የአገሯን ቋንቋ ነው። ገበያ ስትወጣ አማርኛ ትናገራለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህሯ «ስለ አንድ የእጅ ሥራ አስረጂ ድርሰት ጻፉ» አሉ። ልጅቱ ስለ ሽመና ጻፈች። በእንግሊዝኛ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ሽመና በጣም ጠቃሚ ሥራ ነው። ሽመና ከጥንት ጀምሮ በአገራችን አለ። ሽመና ብዙ ድካም አለው። ሁሉም ሰው ይወደዋል። ስለዚህ ሽመናን ማክበር አለብን።»

መምህሩ ደብተሩን መለሱላት። ከግርጌው «ሰዋስውሽ ደህና ነው። ነገር ግን ሸማ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ አላወቅሁም» ብለው ጽፈውበታል።

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቤቷ ገባች። አባቷ ከሽመናው ጉድጓድ ተቀምጠው መወርወሪያውን ግራና ቀኝ ይወረውራሉ።

«ምን ሆነሻል፣ ልጄ?» አሏት።

«ድርሰቴ ተመለሰብኝ፣ አባዬ። እርስዎ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቁ። ማን ይረዳኛል?»

«እንግሊዝኛውንስ አላውቅም። የጻፍሽው ስለ ምን ነው?»

«ስለ ሽመና።»

አባት መወርወሪያውን አስቀመጡ። «እሱንማ አውቃለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ አድማጮች። የልጅቱ ድርሰት የጎደለው እንግሊዝኛ አልነበረም። አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች እስቲ መልሳችሁ ተመልከቷቸው። «ሽመና» የሚለውን ቃል አውጥታችሁ «ንብ ማነብ» ብትሉበት ይሄዳል። «ሸክላ ሥራ» ብትሉበትም ይሄዳል። ለሁሉ ነገር የሚስማማ ዓረፍተ ነገር ስለ አንዱም ነገር አያስረዳም። ይህን አትርሱ፤ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የሚሻለው መጠየቅ ነው። ከመጻፍ በፊት ስድስት ጥያቄዎች አሉ። ነገሩ ምንድን ነው? ከምን ይሠራል? ማን ይሠራዋል? በምን መሣሪያ? መጀመሪያ ምን ይደረጋል፣ ቀጥሎስ? ለምን ይጠቅማል? ልጅቱ እነዚህን እያነሳች አባቷን ጠየቀች። አባትም እየሠሩ ነገሯት።

«መጀመሪያ ድር አደራለሁ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ እግሬን አግብቼ…» ሲሉ፣ እናት ከወዲያ በኩል እንዝርታቸውን እንደያዙ ጣልቃ ገቡ።

«ሥራው እኮ ከጉድጓዱ አይጀምርም» አሉ። «ከጥጡ ነው የሚጀምረው። አባትሽ ክሩን ተፈትሎ ነው የሚያገኙት፤ ስለዚህ ረሱት።»

እውነታቸውን ነው። ሰው የሚያስረዳው እሱ ከሚያውቀው ላይ ጀምሮ ነው። በፊት የነበረውን፣ ሌላ ሰው የሠራውን ይዘለዋል። በጣም የለመደውንም ይዘለዋል። አንባቢው ግን ምኑንም አልለመደም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ጠይቀን ብቻ አንተው። ሥራው በሁለት ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱንም እንጠይቅ። የሁለቱንም ድካም እንጻፍ።

አሁን ልጅቱ ብዙ ነገር ሰብስባለች። ቀጥሎ የሚያስፈልገው መደርደር ነው። ጥጡን ለብቻ፣ ድሩን ለብቻ፣ ሽመናውን ለብቻ አደረገች። ሦስት ነገር ስለሆነ ሦስት አንቀጽ ይሆናል። አንድ አንቀጽ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። የአንቀጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስለ ምን እንደሚናገር ይግለጽ፤ የቀሩት ያንኑ ያብራሩ። ይህ ሕግ ለአማርኛም ለእንግሊዝኛም አንድ ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመጣ ግን ልናውቀው የሚገባ ልዩነት አለ። እኛ በአማርኛ «አባቴ ጋቢ ይሠራሉ» እንላለን። ድርጊቱን የሚናገረው ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል። በጋሞ ቋንቋም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን ቃላቱን «አባቴ ይሠራሉ ጋቢ» ብሎ ያሰልፋቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ተማሪው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገርን ማሳጠር ነው። ማን እንዳደረገ፣ ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ ነጥብ።

ሌላው ደግሞ ተራን የሚያሳዩ ቃላት ናቸው። እኛ «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ» እንደምንለው እንግሊዝኛ «ፈርስት፣ ኔክስት፣ ፋይናሊ» ይላል። እነዚህ ቃላት ለአንባቢው መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ናቸው።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ልጅቱ ጋቢ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ፈልጋ አጣች። ስለዚህ በመጀመሪያው ድርሰቷ ጭራሽ አላነሳችውም ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ስም ስላጣንለት ነገሩን መተው የለብንም። በራሱ ስም እንጥራውና ወዲያው እናስረዳው። «ጋቢ የሚባል ወፍራም የጥጥ ልብስ» ብንል ማንም ይገባዋል።

ልጅቱ ድርሰቷን እንደገና በእንግሊዝኛ ጻፈች። ስትጨርስ አባቷ «አንብቢልኝ» አሏት።

«አይሰሙትም እኮ፣ አባዬ!»

«አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቢና በኛ ቋንቋ ንገሪኝ። እንደዚያ እያልሽ ጨርሺው።»

ልጅቱ እያነበበች ተረጎመች። እናቷ ጥጡን ፈተሉ። ቀጥሎ አባቷ መወርወሪያውን ወረወሩ። እዚህ ስትደርስ አባት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ! ድሩን ማን አደራው? ድር ሳይኖር መወርወሪያው በምን መካከል ያልፋል?»

ተመልከቱ እንግዲህ። እንግሊዝኛ የማያውቁት አባት የእንግሊዝኛውን ድርሰት አረሙ። ቋንቋውን ባያውቁትም ሥራውን ስለሚያውቁ ጉድለቱን ያዙ። ስለዚህ ወላጆች፣ «የልጄ ትምህርት በማላውቀው ቋንቋ ነው፤ ምን ላግዘው?» አትበሉ። ልጁ ያነበበውን በምትሰሙት ቋንቋ ይንገራችሁ። ካልገባችሁ ድርሰቱ አልተብራራም ማለት ነው።

የተስተካከለው ድርሰት በአማርኛ ይኸውላችሁ፦

«ጋቢ ወፍራም የጥጥ ልብስ ነው። ሰዎች ለብርድ ይለብሱታል። በቤታችን ሥራው ሦስት ደረጃ አለው።

በመጀመሪያ ክሩ ይዘጋጃል። እናቴ ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ያወጣሉ። ከዚያ ጥጡን በደጋን ይነድፉታል። የተነደፈው ጥጥ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል።

ቀጥሎ ድሩ ይዘጋጃል። ድር ማለት በሸማው ርዝመት የሚዘረጋው ክር ነው። አባቴ ድሩን በልኩ ያደራሉ። ለድሩ የፋብሪካ ክር ይጠቀማሉ። የእናቴ ፈትል ለማጉ ይሆናል።

በመጨረሻ ሸማው ይሠራል። አባቴ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ይቀመጣሉ። በእግራቸው ሲረግጡ ድሩ ለሁለት ይከፈታል። በተከፈተው መካከል መወርወሪያውን ይወረውራሉ። መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። ማግ ማለት ድሩን አቋርጦ የሚገባው ክር ነው። አባቴ ማጉን መትተው ያጠብቁታል። ይህን ደጋግመው ይሠራሉ። ሸማው አራት ድርብ ሆኖ ሲሰፋ ጋቢ ይሆናል።»

በዚህ ድርሰት ውስጥ «ሽመና ብዙ ድካም አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ ወይ? የለም። ነገር ግን ያነበበ ሁሉ ድካሙን ያውቀዋል። ገበያ ላይ ጋቢ አንስቶ «ይህ ምን አለው? ዋጋው በዛ» የሚል ሰው ይህን ቢያነብ፣ ከጥጥ መዳመጥ እስከ መስፋት ያለውን የሁለት ሰው ሥራ ይቆጥራል።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አስረጂ ጸሐፊ ያየውንና የሰማውን ይለያል። የዶርዜን ቤት እንውሰድ። ቤቱ የሚሠራው ከቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃው እንደ ቅርጫት ይጠላለፋል። «ቤቱ በጣም ረጅም ነው» ከማለት «አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል» ማለት ይሻላል። «ቤቱ ያረጃል» ከማለት «ሥሩን ምስጥ ይበላዋል፤ የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል» ማለት ያስረዳል። ቤቱ የዝሆን ራስ ይመስላል፤ መግቢያው እንደ ኩምቢ ወጣ ያለ ነው። ይህን ማንም በዓይኑ ያየዋል። «ቤቱ የተሠራው ዝሆን አይተው ነው» የሚለው ግን ሲነገር የመጣ ነው። ስለዚህ ስንጽፈው «ሰዎች እንደሚሉት» ብለን እንጨምርበት። ያን ጊዜ አንባቢው ያምነናል።

እንግዲህ ትምህርታችንን እናጠቃልል። አንደኛ፣ ለሁሉ ነገር የሚስማማ ወሬ አትጻፉ። ሁለተኛ፣ ከመጻፋችሁ በፊት የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ነገሩን በተራ ደርድሩ፤ ለአንድ ነገር አንድ አንቀጽ ስጡ። አራተኛ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ እንግዳ የሆነውን ስም አስረዱ። አምስተኛ፣ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። ስድስተኛ፣ ለሌላ ሰው አንብቡለት፤ «ቆይ፣ ቆይ!» ካለ ዕረሙ።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። እንሰት ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን፣ ቆጮውም ተጋግሮ እስኪቀርብ ያለውን ሥራ በአሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እንሰት በሌለበት አገር ያላችሁ ስለ ጠላ ወይም ስለ እንጀራ ጻፉ። ወንዶች በተለይ አደራ! ሥራውን የሚሠሩትን ሴቶች ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ። ጉድጓዱ ምን እንደሚነጠፍበት፣ ቆጮው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጆቻችሁ እንግሊዝኛ የሚማሩ ከሆነ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ከዚያ መልሰው ይንገሯችሁ፤ እናንተ ዕረሙ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ድረስ፣ ደህና ሁኑ!