ያውቁ ኖሯል? ክለቡ ሲሸጥ ቀለሙ የማን ነው?

በጅቡቲ አንድ ክለብ ማን እንደሚደጉመው ለማወቅ ብዙ ጊዜ ስሙን ማንበብ ይበቃል። የወደቡ ቡድን «ፖር» ነው፤ የጀንዳርመሪውም በመሥሪያ ቤቱ ስም ይጠራል። በባቡር ወደ ጅቡቲ የወረደ ሁሉ የሚያውቃት አሊ ሳቢህ ደግሞ ክለቧ ከስሟ ጎን የቴሌኮሙን ጨምሮ «አሊ ሳቢህ ጅቡቲ ቴሌኮም» ተብሏል። የከተማዋ ስም ከፊት በመቅረቱ እሰየው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአርሰናልና በባርሴሎና የተጫወተው አሌክስ ሶንግ «አርታ ሶላር 7» ለተባለ የጅቡቲ ክለብ የሁለት ዓመት ውል ፈረመ። አርታ ከዋና ከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። ክለቡ በዚያው ውድድር ዓመት የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በ2012 ከቼልሲ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው ሰሎሞን ካሉም ቆይቶ መጣ። ዋራበሌ በተባለው የጅቡቲ ሰፈር የፕላስቲክ ወንበር ስቦ፣ ማራገቢያው ሥር፣ ሶንግን በቴሌቪዥን ሲያይ ላደገ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደጋፊ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው አይጠላም፤ የሚቆጣው ስሙና ቀለሙ ሲነካበት ነው።

ለዚህ ሳልዝቡርግን የሚያህል ምስክር የለም። ሬድ ቡል በ2005 የኦስትሪያውን ክለብ ሲገዛ ወይን ጠጅና ነጩን ማሊያ ወደ ቀይና ነጭ ቀየረው። ደጋፊዎች ቀለማችን ይትረፍልን ብለው ለወራት ተደራደሩ። ኩባንያው የፈቀደላቸው የግብ ጠባቂውን ካልሲ ብቻ ነበር! ከ1933 ጀምሮ የተለበሰ ቀለም አንድ ጥንድ ካልሲ ላይ ቀረ። ጥለው ወጡ፤ በድሮው ስም አዲስ ክለብ አቋቁመው ከሰባተኛው እርከን ጀመሩ።

የማሌዥያው ባለሀብት ቪንሰንት ታን በ2012 የካርዲፍን ሰማያዊ ማሊያ ቀይ አደረገው። በጥር 2015 ግን ሰማያዊው ተመለሰ።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች በ2010 አሜሪካውያን ባለቤቶቹን፣ ግሌዘሮችን፣ የተቃወሙት ቀዩን ትተው አረንጓዴና ወርቃማ ሻርፕ በመልበስ ነው። ቀለሞቹ ክለቡ ኒውተን ሂዝ ይባል ከነበረበት ዘመን የተወሰዱ ናቸው።

ኒውካስል ላይ የሆነው ሌላ ነው። በጥቅምት 2021 የሳዑዲ ፈንድ ክለቡን ሲገዛ ደጋፊው ስታዲየሙ በር ላይ ጨፈረ።

በጀርመን ሕጉ ከጥቂት ክለቦች በቀር ከግማሽ በላዩን ድምፅ ለአባላት ያስቀራል። ሊጉ ራሱ ከቴሌቪዥን ገቢው ድርሻ ለባለሀብት ሊሸጥ ሲል፣ ደጋፊዎች የቴኒስ ኳስ እያዘነቡ ጨዋታ አቋረጡ። በየካቲት 2024 ሽያጩ ቀረ።

ጎንደር ደግሞ ባለቤት ሲሄድ የሚሆነውን አይታለች። የቢራ ፋብሪካው ቡድን ዳሸን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ከዚያም ቡድኑ ፈረሰ። በዚያው ዓመት የከተማው ሕዝብ ቡድን ፋሲል ከነማ ወደ ላይ አደገ። በ2013 ዓ.ም. «ዐፄዎቹ» የሚባሉት ፋሲሎች የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ።

የለንደኑ ዊምብልደን በኖርዌያውያን ባለቤቶቹ ዘመን ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲዛወር ሲፈቀድ፣ ደጋፊዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ተጫዋች የመረጡት በሰፈሩ መናፈሻ ላይ ነው፤ 230 ሰው ለሙከራ መጣ። በኅዳር 2020፣ ልክ ሶንግ ለአርታ በፈረመበት ወር፣ ከድሮው ሜዳ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ በተሠራው ስታዲየማቸው የመጀመሪያውን ጨዋታ አደረጉ። ዘመኑ የኮሮና ነበርና ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ፤ 18 ዓመት የጠበቁት ደጋፊዎች ጨዋታውን ከቤታቸው ሆነው አዩት።